የሎኮሞቲቭን ዕድሜ በተሠራበት ዓመት መቁጠር ያሳስታል

ኦክቶበር 11 ቀን 1987 ዊስኮንሲን ሴንትራል የሚባል አዲስ የባቡር ኩባንያ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ሥራ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው አዲስ ይባል እንጂ በእጁ የነበረው ንብረት በሙሉ ልባሽ ነበር። ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ሐዲድ የገዛው ሱ ላይን ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ነው፤ ሱ ላይን በ1985 የከሰረውን ሚልዋኪ ሮድን ሲጠቀልል የቀድሞ መስመሩ ትርፍ ሆኖበት ነበር። ስሙ ሳይቀር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያው አካባቢ ከተቋቋመ የባቡር ኩባንያ የተወረሰ ነው። ሎኮሞቲቮቹን ደግሞ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አንፈልጋቸውም ብለው ካቆሟቸው መካከል ለቃቀማቸው። ያን ጊዜ ይህን ያየ ሰው “ይሄስ ዓመትም አይቆይ” ቢል አይፈረድበትም። ከ14 ዓመት በኋላ ግን ካናዲያን ናሽናል የተባለው የካናዳ ትልቅ የባቡር ኩባንያ ይህንኑ ኩባንያ ዕዳውን ጨምሮ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ለዚህ ስኬት እንቅፋት እንዳልነበሩ፣ እንዲያውም ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበሩ እከራከራለሁ። አንድ ሎኮሞቲቭ አርጅቷል የሚባለው ከፋብሪካ የወጣበት ዓመት ተቆጥሮ መሆን የለበትም። በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ የሚጠግነውስ ማን ነው ተብሎ ነው መጠየቅ ያለበት።

ነገሩን ለመረዳት “ሁለተኛ ትውልድ” የሚባሉት የአሜሪካ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የትኞቹ እንደሆኑ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ትውልድ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የእንፋሎት ባቡርን ከሥራ ያስወጣው ነው፤ የአንዱ ጉልበት ባብዛኛው ከ1,500 የፈረስ ጉልበት ብዙም ስለማይርቅ ከባድ ባቡር ለመጎተት ሦስትና አራቱን መቀጠል ግድ ነበር። ከ1960 ወዲህ ጄኔራል ኤሌክትሪክ 2,500 የፈረስ ጉልበት ያለው ሎኮሞቲቭ ይዞ ገበያ ሲገባ፣ ገበያውን በእጁ ያደረገው የጄኔራል ሞተርስ የሎኮሞቲቭ ክፍል እሽቅድምድሙን ተቀላቀለ። ያኔ የተሠሩት ናቸው ሁለተኛ ትውልድ የሚባሉት። ባለቤቶቹ አሮጌውን ለፋብሪካው መልሰው በአዲስ ይለውጡ ስለነበር የአንደኛው ትውልድ አካል ወደ ሁለተኛው ገብቷል። የሱ ላይን ጂፒ30 እና ጂፒ35 ሎኮሞቲቮች፣ የጄኔራል ሞተርስ ሥራ ሆነው ሳለ፣ የሚሽከረከሩት አልኮ ከተባለው ተፎካካሪ ፋብሪካ በወጡ አሮጌ ሎኮሞቲቮች እግር ላይ ነበር። የባቡር ዓለም አዲስና አሮጌ የሚለውን መስመር ከመጀመሪያውም ጥርት አድርጎ አስምሮት አያውቅም።

ከዚያ ትውልድ ውስጥ ለዊስኮንሲን ሴንትራል መለያው የሆነው ኤስዲ45 ነው። ከ1965 እስከ 1971 ድረስ 1,260 ያህል ተሠርቷል። ክብደቱ ከ160 ቶን በላይ ሲሆን ባለ 20 ሲሊንደር ሞተሩ 3,600 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ከአሥር ሊትር በላይ ስለሚይዝ ከአንድ የጭነት መኪና ሙሉ ሞተር ጋር ይስተካከላል። በ1966 የመጀመሪያውን የተረከበው ግሬት ኖርዘርን የተባለው ኩባንያ ቁጥር 400 ሰጥቶት፣ “ሀስል ማስል” የሚል የጉልበተኛ ስም ጎኑ ላይ ጽፎ አስመርቆታል። ጉልበቱ ግን ዋጋ ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ረጅሙ ክራንክ ሻፍት እየተሰበረ አስቸገረ። ታናሽ ወንድሙ ኤስዲ40 በ16 ሲሊንደር 3,000 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ፣ ኤስዲ45 ለተጨማሪው 600 አራት ሲሊንደር ይቀልባል፣ አራት ሲሊንደር ይጠግናል። ከባድ ባቡር ከቆመበት ሲነሣ ወይም ዳገት ሲወጣ ደግሞ ወሳኙ ክብደትና መንኮራኩሩ ሐዲዱን የሚይዝበት አቅም ስለሆነ ሁለቱ እኩል ይጎትታሉ፤ የ600ው ልዩነት የሚታየው ፍጥነት ሲጨምር ብቻ ነው። በ1973 እና በ1979 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ በ80ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝና ጭነት ሲጠፋ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አስቀድመው ያቆሙት ይህንኑ ኤስዲ45 ነበር።

በ1980 የወጣው የስታገርስ ሕግ የአሜሪካን ባቡር ከጥብቅ የመንግሥት ቁጥጥር ሲያላቅቅ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አላተርፍ ያላቸውን መስመር እየቆረጡ ለትንንሾች መሸጥ ጀመሩ። ስለዚህ በአንድ ወገን ገንዘብ የሌላቸው አዳዲስ መካከለኛ ኩባንያዎች፣ በሌላ ወገን ሥራ ፈትተው የቆሙ ብርቱ ሎኮሞቲቮች በአንድ ዘመን ተገናኙ። ዊስኮንሲን ሴንትራል፣ በርሊንግተን ኖርዘርን የተባለው ትልቅ ኩባንያ ያቆማቸውን ኤስዲ45ዎች አዲስ ሎኮሞቲቭ ከሚጠይቀው እጅግ ባነሰ ዋጋ ገዛ፤ ኋላም ከሌሎች እየጨመረ በ1990ዎቹ ይህን ዓይነት በብዛት ከሚያሰልፉት ግንባር ቀደሙ ሆነ። ሥራው በፎክስና በዊስኮንሲን ወንዞች ሸለቆ ለተደረደሩት የወረቀት ፋብሪካዎች እንጨትና ጥሬ ዕቃ ማድረስ፣ ያለቀለትን ወረቀት ማውጣት፣ በሰሜን በኩል ደግሞ የብረት ማዕድን ማመላለስ ነበር። ሎኮሞቲቩ ሌሊቱን ሙሉ አገር አቋርጦ የሚበርበት ሥራ አይደለም። ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞረ ፉርጎ ይጥላል፣ ፉርጎ ያነሣል፣ ከዚያ ይቆማል። አዲስ ሎኮሞቲቭ ቆሞም ወለድ ይቆጥራል፤ ያኔ አንዱ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ስለነበር፣ በቀን ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ኩባንያ በብድር ቢገዛው ባቡሩ የሚሠራው ለባንኩ ይሆን ነበር። የአሮጌው ወጪ ግን ባብዛኛው ከሥራው ጋር አብሮ የሚሄድ ነዳጅና ጥገና ነው፤ ሥራ በሌለበት ቀን ወጪውም ይቀንሳል።

ርካሽ ዕቃ መግዛት ብቻውን ግን ማንንም አላበለጸገም። ዋናው ጉዳይ በፎንዱላክ አጠገብ የነበረው የኩባንያው ወርክሾፕና እጁ የገባው የሞተር ዓይነት ነው። የኤስዲ45 ሞተር 645 የሚባለው ቤተሰብ አባል ነው። የዘር ሐረጉ በ1938 ወደ ወጣው 567 የሚመለስ ሲሆን፣ የአዲሱ ሲሊንደር ለአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች እንኳ እንዲገጥም ሆኖ ተሠርቷል። ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑ፣ የፒስተኑ ዘንግና ቴስታታው ተያይዘው እንደ አንድ ዕቃ ይወጣሉ፣ እንደ አንድ ዕቃ ይገባሉ። አንድ ሲሊንደር ሲበላሽ ሞተሩን በሙሉ አውርዶ መበታተን አያስፈልግም። በሺዎች በሚቆጠሩ ሎኮሞቲቮች፣ በመርከቦችና በመብራት ማመንጫዎች ላይ የዋለ ሞተር ስለሆነ መለዋወጫውን ከፋብሪካው ሌላ ብዙ ወርክሾፖች ያመርቱታል፣ ያድሱታል። መካኒኩም ከየትኛውም የአሜሪካ ባቡር ቢመጣ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሎኮሞቲቭ በየጊዜው አካሉ እየተቀየረ ስለሚሄድ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው የቀረው ሻሲውና የሞተሩ ብሎክ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሻሲው 1967 ቢልም ፒስተኑ ያለፈው ዓመት ነው።

ይህ የአሮጌ ዕቃ ፍቅር ያመጣው ክርክር ነው ለሚል ሰው ጥሩ ማስረጃ ከብሪታንያ ይገኛል። በ1996 ዊስኮንሲን ሴንትራል የመራው የባለሀብቶች ቡድን የብሪታንያን የመንግሥት የጭነት ባቡር ገዝቶ ኢደብሊውኤስ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ሊቀመንበሩም የዊስኮንሲን ሴንትራል መሪ ኤድ በርክሃርት ነበር። እዚያ የተረከቡት ክላስ 47 የሚባለው ሎኮሞቲቭ ከ1962 እስከ 1968 የተሠራ፣ ማለትም ከኤስዲ45 ጋር እኩያ ነው። ዊስኮንሲን ላይ እኩያውን እየሰበሰበ የሚያድስ ሰው ብሪታንያ ላይ ግን ሳይውል ሳያድር 250 አዳዲስ ሎኮሞቲቮችን ከጄኔራል ሞተርስ የካናዳ ፋብሪካ አዘዘ፤ የመጀመሪያው በ1998 ደረሰ። ዕድሜ ሚዛን ቢሆን ኖሮ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ልዩነቱ የብሪታንያው ስብስብ በብዙ ዓይነት የተከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱን መለዋወጫ የሚፈልግ፣ የሞተሩም ገበያ እንደ 645 ያልሰፋ መሆኑ ላይ ነው። የታዘዘው ክላስ 66 ውስጥ ያለው ሞተር ደግሞ የ645 ተተኪ የሆነው 710 ነው። ሰውየው ለአዲስነት ብሎ አልገዛም፤ የሚያውቀውን ጥገና ባሕር አሻግሮ ወሰደ። በነገራችን ላይ እዚያው ብሪታንያ ክላስ 37 የሚባሉ የ1960ዎቹ ሎኮሞቲቮች፣ ጥቂትም ቢሆኑ፣ በሌሎች ኩባንያዎች እጅ እስካሁን ይሠራሉ፤ ለሥራቸው የሚበቃ መለዋወጫና የሚያውቃቸው እጅ አግኝተዋልና።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ነዳጅ ነው፤ ልክም ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ የሁለተኛው ትውልድ ሞተር ከዛሬዎቹ የበለጠ ናፍጣ ይጠጣል። የዊስኮንሲን ክረምት ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፦ የአሜሪካ ሎኮሞቲቮች ማቀዝቀዣ ፀረ-በረዶ ያልተጨመረበት ውኃ ስለሆነ፣ ብርዱ ሲጠና ሞተሩን ማጥፋት ቧንቧውንና ብሎኩን ማፈንዳት ነው። ስለዚህ ሥራ ፈትቶ የቆመው ሁሉ ሌሊቱን እያጉረመረመ ያድር ነበር። ነገር ግን ይህ ጉድለት ከሎኮሞቲቩ ጋር የተወለደ ዕጣ አይደለም። ሞተሩን እንደ ብርዱ ሁኔታ ራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሣ መሣሪያ፣ ወይም ውኃውን የሚያሞቅ ትንሽ ረዳት ሞተር፣ በአሮጌ ሎኮሞቲቭ ላይ ይገጠማል፤ ወጪውም ከአዲስ ሎኮሞቲቭ ጋር አይወዳደርም። የቀረው የነዳጅ ልዩነት ከሥራው ሰዓት ጋር ይባዛል። ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ሎኮሞቲቭ ልዩነቱ የአዲሱን ዕዳ ሊከፍል ይችላል፤ በቀን አምስት ሰዓት ለሚሠራ ግን አይከፍልም። ነዳጅ ሲወደድ ይህ ወሰን ይንቀሳቀሳል፤ ስሌቱም በየጊዜው እንደገና መሠራት አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደኅንነት ነው። ዊስኮንሲን ሴንትራል ራሱ ማርች 4 ቀን 1996 ዋያዊጋ በምትባል ከተማ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ጋዝ የጫኑ ፉርጎዎች በእሳት ተያያዙ፤ ከ2,000 የሚበልጡ ነዋሪዎች ከሁለት ሳምንት በላይ ከቤታቸው ወጥተው ከረሙ። ነገር ግን የአደጋው መነሻ መቀየሪያ ሐዲድ ላይ በብሎን ቀዳዳ የጀመረ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ያላዩት ስንጥቅ ነው፤ በሎኮሞቲቩ ዕድሜ አይመካኝም። የሚከብደው ማስረጃ ሌላው ነው። ጁላይ 6 ቀን 2013 በካናዳ ላክ ሜጋንቲክ ከተማ 72 ድፍድፍ ነዳጅ የጫኑ ፉርጎዎችን የጎተተ ባቡር ሰው ሳይኖርበት ቁልቁል ተንከባልሎ ከተማዋ መካከል ተገለበጠ፤ 47 ሰዎች ሞቱ። ባቡሩ የሞንትሪያል፣ ሜይን ኤንድ አትላንቲክ ነበር፤ ይህም ሌላ ክልላዊ ኩባንያ ሲሆን ሊቀመንበሩ ዊስኮንሲን ሴንትራልን ከለቀቀ በኋላ የመጣው ያው በርክሃርት ነበር። መሪው ሎኮሞቲቭ በ1979 የተሠራ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲ30-7 ነበር። አሮጌ ሎኮሞቲቭ፣ መካከለኛ ኩባንያ፣ ቁጠባ፦ የኔን ክርክር የሚያፈርስ ከሆነ የሚያፈርሰው ይህ ነው።

የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2014 ያወጣው ሪፖርት ግን ጣቱን የቀሰረው ወደ 1979 አይደለም። ወደ ኦክቶበር 2012 ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ሲበላሽ ተገቢው ጥገና ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ሎኮሞቲቩም ቶሎ ወደ ሥራ እንዲመለስ የሚፈለግ ስለነበር፣ የሚፈለገው ጥንካሬ በሌለው ሙጫ መሰል ነገር ተለጥፎ ተለቀቀ። ሙጫው ተሰበረ፣ ሞተሩ ጥቁርና ነጭ ጭስ ይተፋ ጀመር፣ ዘይት ተርቦቻርጀሩ ውስጥ ተጠራቅሞ በአደጋው ሌሊት ተቀጣጠለ። እሳቱን ያጠፉት ሰዎች ሞተሩን ሲያጠፉት የአየር ፍሬኑን የሚመግበው ነገር ቆመ፤ የታሰሩት የእጅ ፍሬኖች ደግሞ ባቡሩን ለመያዝ በቂ አልነበሩም። ቦርዱ 18 ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ የባቡሩ አቋቋም፣ የሥልጠናና የቁጥጥር ጉድለት ሁሉ አለበት። አዲስ ሎኮሞቲቭ ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር የሚል ሰው በከፊል ትክክል ነው፤ አዲስ ሞተር በዚያ ዕድሜው እንዲህ ያለ ጥገና አይፈልግምና። ነገር ግን በዚያ መንፈስ የሚጠገን አዲስ ሎኮሞቲቭም አሥር ዓመት ሳይሞላው እዚያው ይደርሳል። የአሮጌ ሎኮሞቲቭ ርካሽነት ከግዢው የተረፈው ገንዘብ ከፊሉ ለወርክሾፑ ሊሰጥ የሚገባው ዕዳ ነው፤ ያን ዕዳ ያልከፈለ ኩባንያ ከሌላ ሰው ደኅንነት ላይ እየተበደረ ነው። ተቆጣጣሪዎችም የሎኮሞቲቩን የልደት ዓመት ከማየት ይልቅ የጥገና መዝገቡን ቢገልጡ ይሻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ እንዲህ ደግ ከሆኑ ካናዲያን ናሽናል በ2001 ዊስኮንሲን ሴንትራልን ሲረከብ ኤስዲ45ዎቹን ለምን በፍጥነት አስወገዳቸው የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ሥራው ተለወጠ። አህጉር የሚያቋርጥ ኩባንያ ሎኮሞቲቩን በቀን ብዙ ሰዓት፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ያሠራል፤ ጥቂት ዓይነት ብቻ ማሰለፍም ለወርክሾፑ ይቀለዋል። ይህንኑ በትንሽ መጠን ያሳየው አርካንሶ ኤንድ ሚዙሪ የሚባለው ኩባንያ ነው። ፋብሪካው በ1969 የተዘጋውን የአልኮ ሎኮሞቲቭ ይዞ በ1986 ሥራ ጀመረ፤ መለዋወጫ እያጠራቀመ፣ ሌላው የጣለውን እየገዛ አሥርት ዓመታት በትርፍ ሠራ። ፋብሪካው የሞተ ሎኮሞቲቭ እንኳ የሚያውቀው እጅ ካገኘ እንደሚኖር ያሳያል። በ2013 ግን ይኸው ኩባንያ ሦስት አዳዲስ ሎኮሞቲቮች ገዛ፤ ረጅምና ከባድ ባቡር በቦስተን ተራሮች ዳገት ላይ መሳብ አሮጌዎቹን የሚያደክም ሥራ ነውና። አሮጌዎቹ ወዲያው ከቤት አልወጡም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ጂቡቲን ከአዲስ አበባ ያገናኘውን የድሮውን ምድር ባቡር ለረጅም ዘመን ያቆየው የድሬዳዋ ወርክሾፕ ነው። ዛሬ ያለው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ከ2018 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ይሰጣል። ሎኮሞቲቮቹ ገና ወጣት ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሲሞላቸው የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ለዊስኮንሲን ሴንትራል የተጠየቀው ነው፦ መለዋወጫው የት ይሠራል፣ የሚያውቀው ባለሙያስ የማን ነው? መልሱ የሚዘጋጀው ዛሬ ስለሆነ፣ በግዢ ዜና ብቻ መደሰት ከአሜሪካኖቹ ልምድ ምንም አለመውሰድ ነው።

የቀረው፣ ለኔም ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ጭሱ ነው። ምንም ቁጥጥር ያልተደረገበት የድሮ ሎኮሞቲቭ በአንድ የፈረስ ጉልበት ሰዓት ወደ 13 ግራም የናይትሮጅን ኦክሳይድ ያወጣል ተብሎ ሲገመት፣ ከ2015 ወዲህ ለሚሠሩት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የፈቀደው 1.3 ግራም ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት በምንም ብልሃት አይስተባበልም፤ ፉርጎ በሚደረደርበት የባቡር ግቢ አጠገብ የሚኖር ቤተሰብ ስለ መለዋወጫ ርካሽነት ቢነገረው አይገባውም። የካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ቦርድ በ2023 ያጸደቀው ደንብ ለዚህ መልስ ሊሰጥ የሞከረ ነበር፤ ከ2030 ጀምሮ ሞተራቸው ከተሠራ 23 ዓመት የሞላቸው ሎኮሞቲቮች በግዛቲቱ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ2025 መጀመሪያ ቦርዱ ለፌዴራል መንግሥት ያቀረበውን የፈቃድ ጥያቄ መልሶ ስቧል። ደንቡ ግን ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው የልደት ዓመት ይቆጥር ነበር፦ በቀን ሃያ ሰዓት ከተማ መካከል የሚሠራ የ20 ዓመት ሎኮሞቲቭ ያልፋል፣ ጫካ ውስጥ ሁለት ፉርጎ ለመጎተት በሳምንት ሦስት ቀን የሚነሣ የ50 ዓመት ሎኮሞቲቭ ይታገዳል፤ ያ ትንሽ መስመር አዲስ መግዛት ካቃተው ጭነቱ ወደ ከባድ መኪና ይሄዳል፣ ለአንድ ቶን ጭነት የሚቃጠለውም ናፍጣ ይጨምራል። ሁለተኛው ክፍል ኩባንያዎች ግዛቲቱ ውስጥ በሚያወጡት ጭስ መጠን ልክ በየዓመቱ ገንዘብ እንዲያስቀምጡ፣ በገንዘቡም ንጹሕ ሎኮሞቲቭ እንዲገዙ ያዝዝ ነበር። ይህኛው ብዙ የሚሠራውን ብዙ ያስከፍላል፣ ጥቂት የሚሠራውን ጥቂት። ደንቡ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ የመጀመሪያውን ክፍል ጥለው ሁለተኛውን ቢያስቀሩ፣ የተሰበሰበውንም ገንዘብ አስቀድመው ሰው አጠገቡ በሚኖር የባቡር ግቢ የሚሠሩትን ሎኮሞቲቮች ለመቀየር ቢያውሉት፣ ኤስዲ45 የሚያስነሣ ትንሽ ኩባንያም ሆነ ግቢው አጠገብ የሚኖረው ቤተሰብ የሚከራከርበት ነገር ይቀንስ ነበር።